አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ኤመራልድ ነው? የከበሩ ድንጋዮች ቀለም ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይለያሉ?

ትዕግሥት_አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ነገር ጨንቆኛል። አንድ የሰፈር ሰው የሻኪሶ ኤመራልድ ነው ብሎ አረንጓዴ ድንጋይ ሊሸጥልኝ ነው። ተሞርዶ ያለቀ ነው፤ ከላይ ጎበጥ፣ ከሥር ጠፍጣፋ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ከፍ ይላል። ብር ከመክፈልሽ በፊት የፈለግሽው ሰው ጋ ወስደሽ አሳዪው ብሎ ትቶልኝ ሄዷል። ቀለሙ ሲበዛ ደማቅ ነው። ውስጡ ደግሞ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ስለ ስንጥቁ ስጠይቀው "ኤመራልድ ስንጥቅ ከሌለው ፎርጅድ ነው" አለኝ። እውነት ነው?

ሁለተኛው የራሴ ነው። የወሎ ኦፓል ቀለበት አለኝ። ዛሬ ልብስ አጥቤ ስነሳ ሳየው ነጭ የነበረው ድንጋይ ጥርት ብሎ በሥሩ ጣቴ ይታያል። ያ ስንቀሳቀስ ቦግ የሚለው ቀይና አረንጓዴ ቀለሙም የለም። በቃ ሞተ?

አለት_አንባቢ

ትዕግሥት፣ ኦፓሉ ደህና ነው፣ አትጨነቂ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውስጡ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ደረቅ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ብርሃን ድንጋዩ ከተሠራበት ሲሊካ ወደ አየሩ፣ ከአየሩ ተመልሶ ወደ ሲሊካው ሲያልፍ ይበታተናል፣ ለዚህ ነው ነጣ ብሎ የሚታየው። ውሃ ገብቶ አየሩን ሲተካው ግን ብርሃኑ ብዙም ሳይበታተን ስለሚያልፍ ድንጋዩ ይጠራል። ቀለሙም በዚያው ይደክማል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል።

ጥላ ቦታ ጨርቅ ላይ አስቀምጪውና ተይው። አንዳንዱ በሰዓታት ይመለሳል፣ አንዳንዱ ቀናት ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ አታውጪው፣ ምድጃ አጠገብ አታድርጊው፣ የፀጉር ማድረቂያ ደግሞ በፍጹም። ውሃው ተቻኩሎ ከወጣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ከአሁን በኋላ ግን ውሃ ስትነኪ አውልቂው፤ ምክንያቱም የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ብቻ አይደለም። ሳሙና፣ ሽቶ፣ የወጥ ቅባት፣ ቡና፣ የገባበትን ሁሉ ይመጠዋል። ውሃው ይደርቃል፣ ቅባቱና ቀለሙ ግን እዚያው ሊቀር ይችላል።

አረንጓዴውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቀለሙን ለጊዜው እርሺው። አንድን ድንጋይ ለመለየት ከሁሉ ያነሰ እምነት የሚጣልበት ነገር ቀለሙ ነው። አረንጓዴ ብርጭቆ አለ፣ አረንጓዴ ኳርትዝ አለ፣ ቱርማሊን አለ፣ ፔሪዶት አለ፣ ፍሎራይት አለ። ስንጥቁም ቢሆን አይመሰክርም። አብዛኛው የተፈጥሮ ኤመራልድ ስንጥቅና ባዕድ ነገር በውስጡ አለው፣ እስከዚህ ድረስ ሰውየው ልክ ነው። ስንጥቅ መሥራት ግን ቀላል ሥራ ነው። መጠየቅ ያለበት ድንጋዩ ለመጠኑ ምን ያህል ይመዝናል፣ ብርሃንን ምን ያህል ያጎብጣል፣ በማጉያ መነጽር ውስጡ ምን ይታያል የሚለው ነው።

የሞረድ_ሰው

አለት አንባቢ ያለው ላይ ልጨምር። እኔ ድንጋይ እየቆረጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። እህቴ፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ነገር አለ። የወርቅ ሠሪ ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ፈልጊ፣ 0.01 ግራም የሚያነብ። መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን መዝኚው። ከዚያ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሺው። ድንጋዩን በቀጭን ክር አሥረሽ ውሃው ውስጥ ጨርሶ እስኪሰጥም ድረስ አንጠልጥይው። የኩባያውን ታችም ሆነ ጎኑን እንዳይነካ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። ደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍዪ። ኳርትዝ ከሆነ 2.65 አካባቢ ይወጣል። ኤመራልድ ከሆነ 2.72 ግድም። ሳፋየርና ሩቢ 4 ናቸው፣ አልማዝ 3.52 ነው፣ አልማዝ መስሎ የሚሸጠው ዚርኮኒያ ደግሞ ወደ 6 ይጠጋል። ብርጭቆ እንደ አሠራሩ ይለያያል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ ቁጥሩ ይዛባል፣ በጣትሽ ጠረግ አድርጊው። ደግሞ ይህን ነገር በኦፓሉ ላይ እንዳትሞክሪው፣ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ኤመራልድና ኳርትዝ በክብደት ስለሚቀራረቡም ትንሽዬ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ አታድርጊው እልሽ ነበር። ያንቺ ግን ትልቅ ስለሆነ ይሠራል።

ብሩክ_ተማሪ

ይቅርታ ወሬውን ላጣምመው ብዬ አይደለም ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ኤመራልድን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሮሚየም ነው ሲባል እሰማለሁ። ሩቢን ቀይ የሚያደርገውም ክሮሚየም ነው ይላሉ። እንዴት አንድ ንጥረ ነገር እዚህ አረንጓዴ እዚያ ቀይ ይሆናል?

አለት_አንባቢ

ብሩክ፣ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሳይንስ በጣም የሚያስደስተኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ኤመራልድ የሚባለው ቤሪል የተባለ ማዕድን ነው። ቤሪል ከቤሪሊየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ ሲሆን እነዚህ ብቻ ካሉበት ምንም ቀለም የለውም። ሩቢ ደግሞ ኮረንደም ነው፤ አሉሚኒየምና ኦክስጅን፣ በቃ። እሱም ንጹሕ ከሆነ ቀለም የለውም። ሁለቱም ውስጥ ጥቂት አሉሚኒየም ቦታውን ለክሮሚየም ሲለቅ ቀለም ይመጣል። ከመቶ አንድ እንኳ መሙላት አይጠበቅበትም።

ልዩነቱ ክሮሚየሙ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ዙሪያውን ስድስት ኦክስጅኖች ከበውታል። ሩቢ ውስጥ ኦክስጅኖቹ ጠበቅ አድርገው ይይዙታል፣ ኤመራልድ ውስጥ ላላ ይላሉ። የክሮሚየሙ ኤሌክትሮኖች የትኛውን ብርሃን እንደሚውጡ የሚወስነው ይህ መጥበቅና መላላት ነው። ሩቢ ውስጥ አረንጓዴውንና ሐምራዊውን ይውጣል፣ ቀዩ ያልፋል። ኤመራልድ ውስጥ የሚዋጠው ወደ ቀዩና ወደ ብርቱካናማው ስለሚጠጋ አረንጓዴው ያልፋል። በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ድንጋይም አለ፣ አሌክሳንድራይት። እ.ኤ.አ በ1830ዎቹ ሩሲያ ውስጥ ኡራል ተራራዎች ላይ የታወቀ ነው። ቀዩንም አረንጓዴውንም እኩል ያሳልፋልና በቀን ብርሃን አረንጓዴ፣ በሻማ ብርሃን ቀይ ሆኖ ይታያል። እዚያም ያለው ያው ክሮሚየም ነው።

ሁሉም ቀለም ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። ሰማያዊ ሳፋየር ላይ ብረትና ቲታኒየም ጎን ለጎን ተቀምጠው ብርሃን ሲመታቸው ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ በዚያ መሃል ቢጫና ቀዩ ብርሃን ተውጦ ሰማያዊው ይቀራል። አሜቲስት ኳርትዝ ነው፣ ውስጡ ብረት አለ፣ ግን ብረቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከአካባቢው አለት የሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ለረጅም ዘመን ሲመታው ነው ሐምራዊ የሚሆነው። አሜቲስትን ብታሞቀው ሐምራዊው ለቆ ቢጫ ይሆናል። ገበያ ላይ ሲትሪን ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው የሞቀ አሜቲስት ነው። አልማዝን ናይትሮጅን ቢጫ፣ ቦሮን ሰማያዊ ያደርገዋል። ፔሪዶት ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ብረቱ ሰርጎ የገባ ሳይሆን የራሱ አካል ስለሆነ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፣ ቢበዛ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል እንጂ ሰማያዊ ፔሪዶት አታገኝም።

ብሩክ_ተማሪ

ኦፓልስ? እሱ ሁሉንም ቀለም አንድ ላይ ነው የሚያሳየው። ስንት ዓይነት ንጥረ ነገር ቢገባበት ነው?

አለት_አንባቢ

አንድም! ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። ቀይም አረንጓዴም የሚቀባ ነገር የለውም። ቀለሙ የሚመጣው ከአደራደሩ ነው። ውስጡ በጣም ጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች አሉ፣ ጉሊት ላይ እንደተከመረ ብርቱካን በሥርዓት የተደረደሩ። የእያንዳንዱ ስፋት ከ150 እስከ 350 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ርቀት ከብርሃን ሞገድ ጋር ስለሚቀራረብ በድርድሩ መሃል የሚያልፈው ብርሃን ወደየቀለሙ ይከፋፈላል። ድቡልቡሎቹ አነስ ካሉ ሰማያዊ ብቻ ታያለህ። ቀይ ለማየት ትልልቆቹ ያስፈልጋሉ፣ ለዚህም ነው ቀይ ያለበት ኦፓል የሚወደደው። ድርድሩ ከሌለ ደግሞ ኦፓሉ ቢኖርም የቀለም ጨዋታ የለም። ይህ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ በ1964 አካባቢ አውስትራሊያ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ኦፓልን ለብዙ ሺህ ዓመት ሲለብሰው ኖሯል፣ ምስጢሩን ያወቀ ግን አልነበረም።

የገደሉ_ልጅ

እኔ የደላንታ ሰው ነኝ። ስለ ኦፓል ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

የእኛ ኦፓል የሚወጣው ወገልጤና አካባቢ ካለው ገደል ነው፣ በዓለም ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ ከ2008 ወዲህ ነው። ሰው ሜዳ ላይ የሚቆፈር ይመስለዋል። አይደለም። ኦፓሉ ያለው ገደሉ ወገብ ላይ በአግድም የምትሄድ አንዲት ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው፣ ከላይም ከታችም የእሳተ ገሞራ አለት አለባት። ውፍረቷ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ልጆቹ ያቺን ንጣፍ ተከትለው በመሮና በመዶሻ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ደጋፊ እንጨት የለውም፣ ከላይ ያለው አለት ደግሞ የተፈረካከሰ ነው። ዝናብ ሲጥል ይናዳል። ሰው ሞቷል፣ እየሞተም ነው። ቀለበት ላይ ያለውን ድንጋይ የምትለብሱ ሰዎች ይህንን እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

እስቲ አለት አንባቢ፣ ለምን እዚያች ንጣፍ ላይ ብቻ እንደሚገኝ አስረዳን። እኛ ጋ ሽማግሌውም ልጁም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አለት_አንባቢ

ወንድሜ ነፍሳቸውን ይማር። ስለ ድጋፉ ያልከው ትክክል ነው፣ ጉድጓድ ሳይደገፍ ስስ ንጣፍ ተከትሎ መግባት በየትኛውም አገር ገዳይ ነው።

ጥያቄህን በተመለከተ፣ የወሎ ደጋ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በተደጋጋሚ እሳተ ገሞራ የተገነባ ነው። አንዱ ፍንዳታ አመድ ያለብሳል፣ ከዚያ ረጅም ፋታ ይሆናል፣ በፋታው አመዱ ላይ አፈር ይፈጠራል፣ ዕፅዋት ይበቅሉበታል፣ ከዚያ ሌላ ፍንዳታ ያለብሰዋል። የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ በአብዛኛው ብርጭቆ ነው፣ ብርጭቆ ማለት በቀላሉ የሚሟሟ ሲሊካ ማለት ነው። የዝናብ ውሃ በአመዱ ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካውን እያሟሟ ይወርዳል። ሸክላማ አፈር ላይ ሲደርስ ማለፍ አቅቶት ይጠራቀማል። እዚያ በየቀዳዳውና በየስንጥቁ ሲሊካው ቀስ እያለ ይረጋል። እናንተ ጋ ከኦፓሉ ጋር ወደ ኦፓልነት የተቀየረ ሥርና እንጨት የሚወጣው ለዚህ ነው። ንጣፏ የጥንት አፈር ናት። ልጆቹ አግድሙን መከተላቸው ትክክለኛ ጂኦሎጂ ነው።

የእናንተው ከመታወቁ በፊት እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መንዝ ውስጥ መዘዞ አካባቢ ቡናማ ኦፓል ወጥቶ ነበር። እሱ ድቡልቡል እየሆነ ነው የሚወጣው፣ ሲያምር በጣም ያምራል፣ ግን ብዙው ሲደርቅ ይሰነጠቅ ነበርና የኢትዮጵያ ኦፓል ሁሉ ይሰነጠቃል የሚል ስም አሰጥቶን ነበር። የወሎው ሲመጣ ነው ያ ስም እየጠፋ የሄደው።

የሞረድ_ሰው

ከገዢው ጎን ደግሞ ይህን ልናገር። ጥሬ የወሎ ኦፓል ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው የሚታየው። ውሃ ውስጥ ሲሆን ስንጥቁ ይደበቃል፣ ክብደቱም ይጨምራል፣ አንዳንዱ ድንጋይ ከክብደቱ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ውሃ ይይዛል። በግራም እየተመዘነ ሲሸጥ ያቺ ውሃ ብር ናት። ደርቆ ካላየሁት አልገዛም ማለት መብታችሁ ነው። ሻጩ ካልፈቀደ እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ ሂዱ።

ሰላም_ሜሪላንድ

እኔ እዚህ አሜሪካ ኢንተርኔት ላይ ሐምራዊ የኢትዮጵያ ኦፓል አየሁ። በጣም ያምራል፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው። ጥቁርም አለ። የአገሬ ድንጋይ ነው ብዬ ለልጄ ልገዛላት አስቤ ነበር፣ አሁን ይህን ሳነብ ጠረጠርኩ።

የሞረድ_ሰው

ሰላም፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ድንጋዩ የኢትዮጵያ ሊሆን ይችላል፣ ቀለሙ ግን አይደለም። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ማቅለሚያም ይጠጣል። ያ ደማቅ ሐምራዊ፣ ያ ደማቅ ሮዝ፣ ያ ደማቅ ሰማያዊ፣ አብዛኛው የተነከረ ነው። ጥቁሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጭስ የታጠነ ነው፣ ጥቀርሻው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ኦፓል እ.ኤ.አ ከ2013 ወዲህ ወሎ ውስጥ ወጥቷል፣ ግን በቅናሽ አይሸጥም።

ማጉያ መነጽር ካለሽ ጠጋ ብለሽ እዪው። ማቅለሚያ ስንጥቅና ጭረት ላይ ይጠራቀማል፣ እዚያ ጠቆር ብሎ ታይዋለሽ። ድንጋዩ ቢሰበር ከላይ ቀለም፣ ከውስጥ ነጭ ይሆናል። የታጠነ ወይም የተነከረ መሆኑ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ሳይነገርሽ የተፈጥሮ ነው ተብሎ መሸጡ ነው ነውሩ። "ቀለሙ ተፈጥሯዊ ነው ወይ?" ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂያቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ።

አንድ ነገር ልጨምር። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ኦፓልም አለ፣ እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ማለት ነው። የእሱ ቀለም ከጎን ሲታይ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ዓምድ ይመስላል፣ ከላይ ሲታይ የእንሽላሊት ቆዳ የመሰለ ጠርዝ አለው። ብዙ ሰው ዓምድ ካየ ፎርጅድ ነው ይላል። የወሎ ኦፓል ግን በተፈጥሮው ጣት ጣት የሚመስል ዓምድ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ውጭ አገር አንድ ሰው ይህን አይቶ "ሲንተቲክ ነው" ካላችሁ ወዲያው አትመኑት፣ የእኛን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

ትዕግሥት_አዳማ

ተመልሻለሁ። ወርቅ ቤት የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ሚዛኑን አመጣልኝ። ጋሼ እንዳሉት አደረግን። ደረቁ 4.35 ግራም። ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሚዛኑ 1.64 አነበበ። ደግመን ሞከርን፣ አረፋውን ጠርገን፣ ያው 1.64። ሲካፈል 2.65 መጣ።

ከዚያ ልጁ በማጉያው አሳየኝ። ቀለሙ ድንጋዩ ውስጥ አይደለም ያለው! ድንጋዩ ራሱ ነጭ ነው፣ አረንጓዴው ስንጥቆቹን ተከትሎ እንደ ድር ተዘርግቷል። በስንጥቅና በስንጥቅ መሃል ባዶ ነው። በዓይን ሲታይ ግን ሁሉም አንድ ወጥ አረንጓዴ ነበር የሚመስለኝ። ይሄ ምንድን ነው?

የሞረድ_ሰው

ኳርትዝ ነው እህቴ። ኤመራልድ ቢሆን ሚዛኑ 1.60 አካባቢ ነበር የሚያነበው። ቀለም የሌለውን ኳርትዝ በደንብ ያግሉትና ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይከቱታል። በአንዴ ውስጡ ሁሉ ይሰነጠቃል። ከዚያ አረንጓዴ ማቅለሚያ በየስንጥቁ እንዲገባ ያደርጋሉ። የቆየ ዘዴ ነው፣ በሌላ አገርም ይሠራል። ስንጥቁ ያለው ለዚህ ነው፣ "ስንጥቅ ከሌለው ፎርጅድ ነው" የሚለው ወሬም የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ለሚሸጥ ሰው ነው። ሰውየው ራሱ ተታሎ ሊሆንም ይችላል፣ በደህና መልሺለት።

አለት_አንባቢ

ጎበዝ ትዕግሥት፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ድንጋይ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ በሚለካው መሣሪያ፣ በሪፍራክቶሜትር ቢታይም ይረጋገጣል፤ ኳርትዝ 1.54 እና 1.55 መሃል ያነባል፣ ኤመራልድ 1.57 እና 1.59 መሃል።

እውነተኛው የሻኪሶ ኤመራልድ በማጉያ ሲታይ ቀለሙ አካሉ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቋቁር ወይም ቡናማ የሚካ (ስስ ስስ ሆኖ የሚላጥ ማዕድን) ቅርፊቶች ታያለሽ። ሚካው እዚያ የተገኘው በምክንያት ነው። ቤሪሊየም የሚገኘው ከግራናይት ዘር ከሆኑ አለቶች ነው፣ ክሮሚየም ደግሞ ከመሬት ጥልቅ ከመጡ ጥቁር አለቶች። ሁለቱ በተፈጥሮ ጎረቤት አይደሉም። ሻኪሶ ባለችበት ጉጂ ውስጥ ግን ተገናኝተዋል። ፔግማታይት የተባለ ከግራናይት ዘር የሆነ አለት (እዚያው ጉጂ፣ ቀንጢቻ ላይ ታንታለም የተባለው ብረት የሚወጣበት ዓይነት) በክሮሚየም የበለጸገውን አለት ሰንጥቆ ገባ፣ ትኩሱ ፈሳሽ ከጥቁሩ አለት ጋር ሲብላላ በድንበሩ ላይ ሚካ ተፈጠረ፣ ሚካው ውስጥ ደግሞ ኤመራልዱ አደገ። ይህ የሆነው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፣ የወሎ ኦፓል ከእሱ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው። የኮሎምቢያው ኤመራልድ ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣው፤ ጥቁር ደለል አለት ውስጥ ጨዋማ ትኩስ ውሃ አልፎ የፈጠረው ነው፣ ስለዚህ ውስጡ ጨው፣ ፈሳሽና የጋዝ አረፋ አንድ ላይ ታይበታለሽ። ባለሙያ አገሩን የሚለየው በእንዲህ ያለው ነው።

አንድ ቀን እውነተኛውን ስትገዢ ደግሞ ዘይት ተደርጎበት እንደሆነ ጠይቂ። ስንጥቁን ለመደበቅ ቀለም የሌለው ዘይት ማስገባት በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ካጠብሽው ዘይቱ ሊወጣ፣ ስንጥቁም ብቅ ሊል ይችላል።

ብሩክ_ተማሪ

አባቴ አልማዝ ከሆነ ብርጭቆ ይቆርጣል ይላል። በዚህ መለየት አይቻልም?

የሞረድ_ሰው

አይቻልም። ብርጭቆ ጥንካሬው ከአሥር 5.5 ገደማ ነው፣ ኳርትዝ 7 ነው። ስለዚህ ከወንዝ ያነሣኸው ነጭ ድንጋይም ብርጭቆ ይቧጥጣል። ይልቅ ያንን ስትሞክር ጥሩ ድንጋይ ጠርዙ ሊሰበርብህ ይችላል፣ አልማዝም ጭምር፤ ጠንካራ ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት እየጮኸ የሚናገር ብዕር የመሰለ መሣሪያም ሙቀት ምን ያህል እንደሚያልፍ ነው የሚለካው። አልማዝ የሚመስለው ሞይሳናይት የተባለ ድንጋይ ሙቀት በማሳለፍ ከአልማዝ ጋር ስለሚቀራረብ መሣሪያው አልማዝ ነው ብሎ ይጮኻል። ሞይሳናይትን በማጉያ ሰያፍ አድርገህ ስታየው የኋላው ጠርዞች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ፣ አልማዝ ላይ አንድ አንድ ናቸው። ላብራቶሪ ውስጥ ያደገ አልማዝ ከሆነ ግን በማጉያም በሚዛንም አትለየውም፣ አልማዝ ነው። ላብራቶሪ ብቻ ነው የሚለየው።

ወይኒቱ_አስመላሽ

እናቴ የተወችልኝ ቀይ ድንጋይ ያለበት የድሮ ወርቅ ቀለበት አለ። ሁልጊዜ ሩቢ ነው ትል ነበር። ጎረቤቶቼ "በዚያ ዘመን ፎርጅድ አልነበረም፣ እውነተኛ ነው" ይሉኛል።

አለት_አንባቢ

ወይኒቱ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። በዚያ ዘመን ነበረ። ቨርኑይ የተባለ ፈረንሳዊ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄትን በእሳት ነበልባል አቅልጦ ሩቢ የሚሠራበትን ዘዴ እ.ኤ.አ በ1902 ይፋ አድርጓል። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ ወርቅ ላይ የገባው ቀይ ድንጋይ ብዙው የእሱ ዘዴ ውጤት ነው። ስብጥሩም፣ ጥንካሬውም፣ ክብደቱም የእውነተኛ ሩቢ ነው። የሚለየው በአስተዳደጉ ነው። የተፈጥሮ ክሪስታል ቀጥ ባሉ ጠፍጣፋ ንጣፎች ነው የሚያድገው፣ የነበልባሉ ግን ቀልጦ እየተንጠባጠበ ስለሚገነባ መስመሮቹ ጎበጥ ያሉ ናቸው። በአሥር እጥፍ ማጉያ፣ ድንጋዩን እያዞርሽ፣ ከጀርባው ነጭ ወረቀት አድርገሽ ፈልጊ። የጎበጠ መስመር ወይም ክብ አረፋ ካየሽ በፋብሪካ የተሠራ ነው። የወርቁ ዋጋና የእናትሽ ማስታወሻነቱ ግን ያው ነው።

ሰላም_ሜሪላንድ

ሐምራዊውን ኦፓል ተውኩት። ሻጩን በጽሑፍ ጠየቅኩት፣ "ትሪትድ" (በሰው እጅ የተቀየረ) ነው አለ፣ ማስታወቂያው ላይ ግን ቃሉ የለም። አሁን አንድ ሌላ ሰው ከአክሱም አካባቢ የወጣ ሳፋየር ያሳየኛል። ጥቁር ሰማያዊ ነው። በእነዚህ መንገዶች ይለያል?

የሞረድ_ሰው

ሳፋየር መሆኑን ትለያለሽ፣ ክብደቱ 4 ስለሚሆን ቀላል ነው። ትግራይ ውስጥ ጭላ አካባቢ ሳፋየር ይወጣል፣ ባዛልት ከጥልቅ ይዞት ወጥቶ በኋላ አለቱ ሲፈራርስ ጎርፍ በየወንዙ ያከማቸው ነው። ብረት ስለሚበዛበት ብዙው ጠቆር ይላል፣ ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ የሚያደላም አለ። ስለዚህ ጥቁር ሰማያዊ መሆኑ ከቦታው ጋር ይስማማል።

ከባዱ ጥያቄ ሙቀት አይቶ እንደሆነ ነው። ሳፋየርን ከ1,600 ዲግሪ በላይ አሙቆ ቀለሙን ማሻሻል የተለመደ ነው። ያልሞቀ ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሐር ክር የመሰሉ ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፣ ሙቀቱ ሲያይል ይሟሟሉ ወይም ይቆራረጣሉ። በማጉያ ሙሉ መርፌ ካየሽ ጥሩ ምልክት ነው። መርፌ የለም ማለት ግን ሞቋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ቤሪሊየም ጨምረው እያሞቁ ቀለም የሚቀይሩ አሉ፣ ያንን የሚያገኘው የላብራቶሪ መሣሪያ ብቻ ነው።

ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ አሜሪካ ስላለሽ እንደ ጂአይኤ ያለ ላብራቶሪ ወረቀት ይኑረው በዪው። ወረቀቱ ላይ "የተፈጥሮ ሳፋየር" የሚለውን አይተሽ አትዝጊው። የሞቀ ድንጋይም የተፈጥሮ ተብሎ ይጻፋል፣ ስለ ሙቀት የሚናገረው መስመር ሌላ ነው። እሱን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ላኪልን፣ አብረን እናነበዋለን።